ዳራሮን ያየንበት ጥር

ዲላ ሦስት ዓመት ኖረን ጌዴኦን ሳናይ ወጣን። ለመመለስ ወደ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን፤ የተመለስነውም ለአራት ቀን ብቻ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ስንገባ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን ከቻለ ብዙም አልቆየም ነበር። ዶርም ውስጥ ስማችን የመጣንበት አገር ነው። እኔ ሸገር ነበርኩ። ከእኔ በላይ የሚተኛው ጎንደር፣ የጥጉን አልጋ የያዘው ባሌ፣ በሩ ሥር የሚተኛው ወናጎ። እናቶቻችን ያወጡልንን ስም የምንሰማው መምህሩ ስም ሲጠራ ብቻ ነበር። ከአራታችን ቤቱ ቅርብ የነበረው ወናጎ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ፌስታል አቮካዶ ይዞ ይመለሳል። ሁልጊዜ አንድ መልእክት አብሮ ያመጣል፦ «እናቴ ጓደኞችህን መቼ ነው የምታመጣቸው ብላለች።» እኛ ሁልጊዜ ምክንያት አናጣም። ፈተና ደርሷል፤ ጭቃ ነው፤ እሑድ የማንቼስተር ጨዋታ አለ። ቆጮውን ግን እንበላ ነበር።

የኛ ዲላ ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ጭማቂ ቤቱ የምትደርስ ከተማ ነበረች። አቮካዶና ማንጎ ተነባብሮበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ቪምቶ ጠብ ተደርጎበት በማንኪያ የሚበላ ስፕሪስ ነበር የድግሳችን ጣሪያ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ከተማዋን የእሸት ቡና ገለፈት ጠረን ይሞላታል፤ ኮምጠጥም ጣፈጥም የሚል፣ ጥንስስ ጠላ የሚመስል ጠረን። መስኮት እንዘጋበት ነበር። በዚያው በ1999 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ስትሟገት ቆይታ ሰኔ ላይ ተስማማች። ዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንበታል። የዓለም ገበያ፣ የገበሬው ድርሻ፣ የአሜሪካ ሕግ፣ ያልነካነው አልነበረም። ይርጋጨፌ ከዲላ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አትርቅም ነበር። ከወናጎ በቀር የሄደ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

በ2001 ተመርቀን ተበታተንን።

ጥር 2010 ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጎንደር ደወለልኝ። ባሌ በመጪው መስከረም ለትምህርት ወደ ስፔን፣ ወደ ቫሌንሲያ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ አለኝ፦ የወናጎን እናት ቤት። «ሦስት ዓመት ቆጯቸውን በልተን ደጃቸውን ሳንረግጥ ባሕር ልሻገር?» ብሎታል። ወናጎም የዳራሮ በዓል ስለሆነ ኑ፣ ዘንድሮ ከቀራችሁ ሁለተኛ አልጠራችሁም ብሎ ነበር። ጎንደር የወንድሙን አሮጌ ኮሮላ ለመነ። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ከአዲስ አበባ ወጣን።

ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ተጠብሶ በዳጣ የቀረበ ዓሣ በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ሽማግሌ ቀብር ላይ እንደሚቆም አንገታቸውን ቀብረው ዙሪያችንን ቆመዋል። እዚያው አደርን። በማግስቱ አፖስቶ ላይ ታጥፈን ይርጋለም ሻይ ጠጣን። ይርጋለም ሐዋሳ ከመነሣቷ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ አሁንም የጥላ ዛፎቿ እርጋታ ያለው የትልቅ ሰው ቤት ያስመስሏታል። ጩኮን አልፈን ከመንገድ ዳር አናናስ ገዛን። ቢላዋ ስላልነበረን ሻጯ ልጅ ልጣ ሰጠችን፤ መኪናው ውስጥ እጃችን እስከ ክርናችን ተጣብቆ ዲላ ገባን። ዲላ አድጋለች። የኛ ጭማቂ ቤት ግን የለም። የለገዳራ ወንዝ ድልድይ ላይ መኪናውን አቁመን ትንሽ ቆምን፤ ከዚያ ደቡቡን ይዘን ወጣን።

ጓደኛችን ወናጎ፣ ወናጎ ከተማ አስፋልቱ ዳር ይጠብቀን ነበር። ኮሮላውን ዘመዱ ደጅ አቁመን ሽቅብ ጀመርን። እዚህ ላይ ነው እንደማላውቀው አገር የሆነብኝ። ዲላ ሆኜ ከመስኮቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ያ ጥቁር አረንጓዴ ተራራ ጫካ ነበር የሚመስለኝ። ጫካ አይደለም። ገብተው ሲያዩት የሰው ጓሮ ነው፤ ከአንዱ ጓሮ ወጥተው ሌላው ጓሮ ይገባሉ። ከላይ ብርብራና ዋንዛ ሰማዩን ይዘዋል። ከሥራቸው እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቷል። ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ጎደሬ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ዳገት እኔ ባደግሁበት አገር ቢታረስ ኖሮ በሁለት ክረምት አጥንቱ ይወጣ ነበር። እዚያ ግን አፈሩ በወደቀ ቅጠል ተሸፍኖ ጫማችን እንደ ፍራሽ ይሰምጥበታል። ብርብራው ቅጠሉን ያራግፋል፣ ቅጠሉ አፈሩን ያበላል፣ አፈሩ ቡናውንና እንሰቱን። በዚህ ምድር ላይ በአንዳንድ ቀበሌ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 ሰው በላይ ይኖራል። በኋላ እንዳነበብኩት ታደሰ ኪፔ ካንሼ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ጌዴኦ አስተራረስ ለዶክትሬት የጻፉት ጥናት ርዕሱ «አምስት ሺሕ ዓመት ሳይናጋ የኖረ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ያዘለ ጥያቄ ነው። ያን ቀን በዳገቱ ላይ እያለከለክን ስንወጣ እኔም ይኼንኑ የመሰለ ነገር እያሰብኩ ነበር፤ ርዝመቱን ባላውቀውም።

እናቱ ደጅ ወጥተው አገኘናቸው። እጃችንን አልጨበጡም። አንድ በአንድ ጉንጫችንን ይዘው ዐይን ዐይናችንን ካዩ በኋላ ሳሙን። «ጎንደር የቱ ነው?» አሉ። «ባሌስ?» ስማችንን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙ ከርመው ያውቁታል። ከዚያ ሳንቀመጥ ወደ ጓሮ ወሰዱን።

እማማ እንሰታቸውን ሲያሳዩን እንደ መዝገብ ነበር የሚያነቡት። ይኼ የትንሹ ልጄ ሠርግ ነው አሉ። እነዚያ ሁለቱ የከርሞ ዳራሮ። ከአጥሩ ጥግ ያሉት ወፋፍራሞቹ የክፉ ቀን ናቸው፣ አይነኩም። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጌዴኦ ሴት ዛሬ የምትተክለው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ እንግዳ ነው። ይኼን ነግረውን ዝም አሉና ባዶ ቦታ ላይ ቆሙ። ልጃቸው ትርጉሙን ለመናገር ትንሽ ዘገየ።

«እዚህ ጋ የናንተ ነበር አለች» አለን። ተማሪ ሳለን እንመጣለን ስንል ሰምተው አንድ እንሰት ለልጄ ጓደኞች ብለው ለይተውት ነበር። ቆመው ጠበቁ። እኛ ቀረን። እንሰቱ አበበ። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል።

ማናችንም ምንም አላልንም። ባሌ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። እማማ ዝምታችን ከብዷቸው መሰለኝ በአማርኛ «ምንም አይደለም ልጆቼ፣ ጎረቤት በላው» አሉን። ከዚያ በኋላ እኔ ቃል ገብቼ ስቀር ያ ባዶ ቦታ ይመጣብኛል።

ከሰዓት በኋላ የመጡት ጎረቤት ሴቶች ሲፍቁ አየን። ግንዱን ከላዩ ከላዩ ልጠው በሳንቃ ላይ ያጋድሙታል፣ በእግራቸው ይዘው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ይስቡታል። ነጩ ሥጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል። የተፋቀው በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ከተጨመቀው ውኃ ሥር የሚረጋው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ጎንደር ልሞክር ብሎ ሲነሣ ሴቶቹ ከልባቸው ሳቁ፤ ይህ የሴት ሥራ ነው፣ ወንድ አይነካውም። ማታ የቡላ ገንፎ፣ ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልን። ሦስት ዓመት በጋዜጣና በቅጠል ተጠቅልሎ ዶርም የበላሁት ቆጮ ቀዝቃዛ ነበር። ትኩሱ ሌላ ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዳራሮ ወደሚከበርበት ሶንጎ ሳንሄድ ቱቱ ፈላ ወጣን፤ ከወናጎ በስተምሥራቅ ወደ ደጋው። ወደ 300 የሚጠጉ ድንጋዮች በአንድ ሜዳ ላይ ቆመዋል፣ ተጋድመዋል፣ አንዳንዶቹ ተደጋግፈዋል። ፊት የተቀረጸባቸው አሉ፤ የወንድ አካል የተመሰለባቸውም። ፈረንሳዊው የመቃብር ሐውልቶች ተመራማሪ ሮዠ ዡሶም ቆፍሮ ያጠናው ቦታ ነው። በጌዴኦ ዞን ውስጥ እንዲህ ያሉ ከ10,000 በላይ ድንጋዮች እንዳሉ ይገመታል። ከሦስት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ አሸናፊ ግርማ ዜና የተባሉት አርኪዮሎጂስት ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ ያሉት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት ገደማ የቆሙ እንደሆኑ አሳዩ፤ ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺሕ ዓመት ያህል የቀደመ ማለት ነው። ያን ዕለት ይህን አናውቅም ነበር። አንድ እረኛ ልጅ ከድንጋዮቹ መካከል ተቀምጦ ሸንኮራ ይግጥ ነበር። ባሌ ከቁመቱ ጋር የሚተካከል አንድ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ፎቶ አንሡኝ አለ። ፎቶው አሁንም አለኝ፤ ድንጋዩም እሱም ወደ አንድ አቅጣጫ ዘንበል ብለዋል።

ስለ ዳራሮ ከዚያ በፊት የማውቀው የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓል መሆኑን ብቻ ነው። ወቅቱ የተመረጠው ያለ ነገር አይደለም። ጥር ቡናው ተለቅሞ የሚያልቅበት፣ ሰው እጁን የሚያራግፍበት፣ ፊቱን ወደሚመጣው ዝናብ የሚያዞርበት ነው። ሶንጎው በትልልቅ ዛፎች ሥር ያለ ሣራማ ቦታ ነው፤ ጌዴኦ ነገር የሚያይበት፣ የሚዳኝበት፣ የሚመርቅበት። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሰዉ ከዳገቱ በዘፈን ይወርድ ጀመር። ወጣቶቹ እየዘለሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ እየተቀበሉ። ማንም ባዶ እጁን አልመጣም። በጋን ማር ያዘለች አንዲት ሴት ከፊቴ አለፈች፤ ጋኑ ከባድ ስለነበር በየጥቂት እርምጃው ቆማ ትተነፍሳለች፣ ሰውም እስክትተነፍስ ቆሞ ይጠብቃታል። ስጦታው ለአባ ገዳው ይቀርባል፤ አባ ገዳውም ያቀረበውን ሰው ይመርቃል። ምርቃቱ ረጅም ነው። ጓደኛችን ጆሮዬ ሥር ሆኖ ይተረጉምልኛል፦ ዝናቡ በጊዜው ይምጣ፣ ሕፃኑ ይደግ፣ እንሰቱ አይታመም፣ ጎረቤት ሕዝብ በሰላም ይደር። በየቃሉ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ሁለተኛው ምርቃት ላይ የመልሱን ቃል ይዘነው እኛም አብረን መለስን።

ምርቃቱ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀመጡንና ስለ ሥርዓቱ ያጫውቱን ጀመር። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሥርዓቱ ባሌ ይባላል። «ባሌ» ባሉ ቁጥር ጓደኛችን «አቤት አባቴ» እያለ ቀና ይላል። ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው ገብቷቸው እጁን ያዙት፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ አልለቀቁትም። ስለ ጎረቤቶቻቸው ስለ ጉጂዎችም ያወሩን እሳቸው ናቸው። የጌዴኦ አባት ደራሶና የጉጂ አባት ጉጆ ወንድማማች ናቸው፣ ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው አሉን። ወንድማማች ይጣላል፤ ሲጣላ ደግሞ ጎንዶሮ አለ። ጎንዶሮ ደም ያቃባውን የሚያስታርቅ የሁለቱ ሕዝቦች ሥርዓት ነው። ከጎንዶሮ በኋላ ቂም መያዝ ነውር እንደሆነ ሲነግሩን ድምፃቸው ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነበር። እኔም እንደ ተራ ነገር ሰማሁት።

እሑድ ይርጋጨፌ ደርሰን ተመለስን። የዚያን ዘመን ክርክራችንን እያስታወስን አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገባን። የመጨረሻው የታጠበ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን በጣታቸው እየለዩ ይጥላሉ። ጣታቸው ከዐይናቸው ይቀድማል። ዓለም የሚያውቀው ያ ስም ያለፈው በነዚያ ጣቶች መካከል ነው፤ ዶርም ውስጥ ስንከራከር አንዴም አላነሣናቸውም። ጠረኑም ያው የጥንቱ ጠረን ነበር። ጎንደር የመኪናውን መስኮት እስከ ታች አውርዶ እስከ ወናጎ ነዳ።

ልንሰናበት ስንል እማማ ለየአንዳንዳችን ጥሬ ቡና ቋጥረው ሰጡን። ከዚያም ወደ ባዶው ቦታ ሄደው አንድ የእንሰት ችግኝ ተከሉ። «አሁን ሲደርስ ትመጣላችሁ» አሉ።

በሚያዝያ በጌዴኦና በጉጂ መካከል ግጭት ተነሣ። ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ ጌዴኦዎች ልጅና ዕቃ ተሸክመው ወደ ጌዴኦ ይጎርፉ ጀመር፤ በሰኔ ደግሞ ባሰ። ጉጂዎችም ከቤታቸው ወጡ። በሁለቱ ዞኖች የተፈናቀለው ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ግንባታ ላይ ያለው ሕንፃ ሁሉ ሰው ሞላው። ወናጎን ደውዬ ሳገኘው እናቱ ቤት አሥራ ዘጠኝ ሰው እንዳለ ነገረኝ፤ ሁሉንም አያውቋቸውም። ምን ትበላላችሁ አልኩት። የክፉ ቀኖቹ አለቁ አለኝ። ከዚያ የከርሞው ዳራሮ ተቆረጠ። ከዚያ የትንሹ ወንድሜ ሠርግ። ትዝ አለኝ፣ እማማ በጣታቸው እያሳዩ እንደ መዝገብ ያነበቡልን ያ ሁሉ ዓመት። በአንድ ክረምት ተፍቆ ለማያውቁት ሰው ቀረበ። ሽማግሌው የነገሩን ጎንዶሮም ትዝ አለኝ፤ ጎንዶሮ የሚጠራው ደም ሲፈስ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

ባሌ በመስከረም ሄደ። መጋቢት 2011 አንድ ማታ ከቫሌንሲያ ደወለልኝ። ፋያስ የሚባለው በዓላቸው ነው፤ በየአደባባዩ ከወረቀትና ከእንጨት የተሠሩ ግዙፍ ምስሎች አቁመው መጨረሻ ላይ በእሳት ያነዷቸዋል። ርችቱ ስልኩን ያስጮኸዋል። እሱ ግን የደወለው ስለ እሳቱ አልነበረም። ሴቶችና ሕፃናት የባህል ልብስ ለብሰው፣ በሰልፍ፣ አበባ ይዘው ሲያልፉ ቆሞ ሲያይ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው አበባ ያመጣል፤ አበባው በድንግል ማርያም ትልቅ ምስል ላይ እየተሰካ ካባ ይሆናል። እዚያ ከተማ ማርያምን የሚጠሯት የረዳት የለሾች እመቤት ብለው ነው። «ማንም ባዶ እጁን አልመጣም» አለኝ። በዚያው ሳምንት ከገደብ ወረዳ የሚወጣውን የተፈናቃዮች ፎቶ አይቶት ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። ሁለታችንም ስለ ፎቶው አላነሣንም። ያቺን ጋን ያዘለች ሴት ታስታውሳለህ አለኝ። አስታውሳለሁ አልኩት። እየቆመች ስትተነፍስ አለኝ። አዎ አልኩት። ከኋላው ርችቱ ይጮሃል።

መስከረም 2016 ላይ ሪያድ በተካሄደው ስብሰባ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ስብሰባ ነው የተመዘገበው፤ ባሌ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ «ሁለታችንም ገባን» ብሎ ለወናጎ ጻፈለት። ዜናው ዳገቱን፣ የጥላ ዛፎቹን፣ እንሰቱን፣ ቅዱሳን ደኖቹን፣ የቆሙትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ይጠራል። እኔ ሳነበው አንድ ጓሮ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ለወናጎ ደወልኩ። እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ሳልጨርስ እናቱ ስልኩን ተቀበሉት።

ስለ ዩኔስኮ አልጠየቁኝም። ልጆቼን፣ ጎንደርን፣ የባሌን ትምህርት ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ፦ ያ የተከልኩት በዚያ ክረምት ትንሽ ስለነበረ አልተነካም። አሁን የቤቱን ጣሪያ አልፏል።

«ከማበቡ በፊት ኑ» አሉኝ።